ለሐኪም የማይነገረውን ለማን እንንገር?

ባለፈው ሳምንት አንድ የልብ ሐኪም በቴሌቪዥን ቀርበው የተናገሩት ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ስለ ሕመሙ ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር ማውራቱን ያቁም አሉ። ማውራቱ ራሱ ልብን ያስጨንቃል፣ ጥያቄ ያለው ሐኪሙን ይጠይቅ፣ የቀረውን ይርሳው ነው ያሉት። ጋዜጠኛዋም ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች።

እኔ አላልፍም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከልብ ድካም ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ልቤ ደም በደንብ መግፋት አቅቶታል።

ማውራት ልብን ያስጨንቃል የሚለው ከየት የመጣ ነው? ልብን የሚያስጨንቀው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻህን ቁጭ ብለህ የልብህን ምት መቁጠር ነው። ደረትህን ወጋ ያደረገህ ነገር ጋዝ ይሁን ሞት ሳታውቅ እስኪነጋ መጠበቅ ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጥሟቸው ከተረፉ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ከባድ ድብርት ውስጥ ይገባል። ድብርቱ ደግሞ ስሜት ብቻ ሆኖ አይቀርም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2014 ይህ ድብርት የሕመምተኛውን ዕጣ ከሚያከፉ ነገሮች ጋር እንዲቆጠር መክሯል። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ዝም በል የሚሉት? ዝም ብሎ የተሻለው የልብ ሕመምተኛ እኔ አላየሁም።

የቀረውን ይርሳው ይላሉ ደግሞ። ጠዋትና ማታ ኪኒን የሚቆጥር ሰው ምኑን ይረሳል?

እሺ፣ ሐኪማችንን እንጠይቅ። የእኔ ቀጠሮ በሦስት ወር አንዴ ነው። ስገባ ግፊቴ ይለካል፣ ደረቴ ይደመጣል፣ መድኃኒቴ ይጻፋል። አሥር ደቂቃ ከሞላ ብዙ ነው። ሐኪሜን አልወቅስም፤ ከበሩ ውጭ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰው ምን ይናገራል? ትልቁን ነገር ይናገራል። ትንሿን ዋጥ ያደርጋታል። ይቺም ለሐኪም ትነገራለች እንዴ ብሎ ያፍራል።

የልብ ድካም ግን የሚመጣው በትንንሿ ነገር ነው። ጫማ ጠበበኝ ብሎ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው የለም። ጠዋት ልክ የነበረው ጫማ ማታ ከጠበበ ግን እግሩ ውሃ እየያዘ ሊሆን ይችላል። ትራሱን ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ያሳደገ ሰው እንቅልፍ እምቢ አለኝ ይላል እንጂ ሳንባዬ ውሃ እየቋጠረ ነው አይልም። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ስልኩን የሚነካካ ሰው ትንፋሽ እንዳጠረው ለራሱም አላመነም። ይህን ማን ይለየዋል? እሱ ራሱ ትራስ ሲደራርብ የከረመ ሰው ነዋ!

እኔም ደረጃ ላይ ቆሜ ስልክ ስነካካ ቤተሰቦቼ ምንም አላሉኝም። ከየት ያውቁታል? አብረውኝ ክትትል የሚያደርጉ አንድ አባት ግን አንድ ቀን አይተውኝ፣ «ልጄ፣ ስልኩን ተወውና ንገረኝ፤ ዛሬ ተመዝነሃል?» አሉኝ። አልተመዘንኩም ነበር። ቤት ገብቼ ስመዘን በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ተኩል ጨምሬያለሁ። ያኔውኑ ደወልኩ። የተጠራቀመውን ውሃ የሚያስወጣው የሽንት ኪኒኔ መጠን ተስተካከለልኝ፣ ሆስፒታል ሳልተኛ ቀረሁ። በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳልቀምስ መመዘን እንዳለብኝ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመርኩ መደወል እንዳለብኝ የሚናገር ወረቀት ተሰጥቶኝ ነበር። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ደረጃው ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

የሳሉንም ልንገራችሁ። ኢናላፕሪል የሚባለውን የልብ ኪኒን የጀመርኩ ሰሞን ደረቅ ሳል ያዘኝ። ጉንፋን መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ ሽሮፕ ጠጣሁ። አንድ ቀን ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች እህት ስስል ሰማችኝ። ኪኒኑ ይሆናል፣ እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር፣ ሳታቆመው ንገራቸው አለችኝ። ነገርኳቸው፤ በሌላ ተቀየረልኝ፤ ሳሉ ጠፋ። ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ ደረቅ ሳል እንደሚያመጡ የማያውቅ ሐኪም የለም። እኔ ግን አላውቅም ነበር። የማላውቀውን እንዴት ልጠይቅ? ሐኪማችሁን ጠይቁ የሚሉን ዶክተር ይህን አልመለሱም። ሰው ጥያቄ እንዳለው የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሌላው ሲናገር ሰምቶ ነው።

የሚያሳፍረውስ? ስፓይሮኖላክቶን የሚባለውን የልብ ድካም ኪኒን የሚወስድ ወንድ ጡቱ ሊያብጥና ሊያመው ይችላል። አንድ የማውቀው ሰው ይህ ደረሰበት። ለሚስቱም ለሐኪሙም ትንፍሽ ሳይል ኪኒኑን በራሱ አቆመ። ከወር በኋላ በአምቡላንስ ነው የገባው። ተናግሮ ቢሆን በሌላ መድኃኒት ሊተካለት ይችል ነበር። እኔንም እንዲህ አድርጎኛል የሚለው አንድ ወንድ፣ አንድ ብቻ፣ ቢያገኝ ኖሮ ይናገር ነበር። በዚህ አልጠራጠርም።

የመኝታ ቤቱም ነገር እንዲሁ ነው። ልቤ ከታመመ በኋላ ከባለቤቴ ጋር መተኛት እችላለሁ ወይ ብሎ ፊት ለፊት የሚጠይቅ ስንቱ ነው? ደረቱን ሳያመው፣ ትንፋሹም ሳይቆራረጥ ሁለት ፎቅ ደረጃ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይችላል። ይህን ባለማወቅ ጀርባ ለጀርባ ተኝተው ዓመት የሚያስቆጥሩ ባልና ሚስት አሉ። ሌላው ደግሞ በድብቅ ቪያግራ ይገዛል። ለደረት ውጋት ከምላሱ ሥር ናይትሮግሊሰሪን የሚባለውን መድኃኒት የሚያደርግ ሰው ከሆነ ግፊቱ ድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። እዚህ ጋ ዝምታ ይገድላል። ቃሉን አላጋነንኩም።

ለቤተሰባችሁ ንገሩ የሚለን ደግሞ አለ። ለቤተሰብ ሲነገር ቤቱ ይደነግጣል። እናት ታለቅሳለች፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ስለዚህ ደህና ነኝ እንላለን። ደህና ነኝ ሳይሉ የሚያወሩት እንደ ራስ ከታመመ ሰው ጋር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ባወጣው ሪፖርት በበለጸጉት አገሮች እንኳ ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን በታዘዘላቸው መሠረት የሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ናቸው ይላል። ሌላው ግማሽ ሐኪም አጥቶ አይደለም። ሐኪሙማ ጽፎለታል! ያጣው ኪኒኑ ምን እንዳደረገው የሚያወራለት ሰው ነው።

ዶክተሩ አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። የራሱን ኪኒን ለሰው የሚያካፍል ሕመምተኛ አለ። ጓደኛዬን ተሽሎታል ብሎ ለጉልበቱ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚውጥም አለ፤ ይህ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ውሃ ያስቀራል፣ የልብ ድካምን ያባብሳል። ይሄ መቆም አለበት። ግን ዳይክሎፌናክ ለእኔ እንደማይሆን መጀመሪያ የሰማሁት የት መሰላችሁ? እዚያው ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ነው።

ይህን የሕሙማን ጨዋታ ሐኪም የሚንቅ ሰው አልፈጠረውም። ድዋይት ሃርከን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከቆሰሉ ወታደሮች ልብ ውስጥ የፈንጂ ስብርባሪ ሲያወጡ የነበሩ ቀዶ ሐኪም ናቸው። በ1951 ቦስተን ውስጥ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረጉላቸው አራት ሕመምተኞች ጋር ሆነው ከቀዶ ሕክምና ያገገመው ገና የሚገባውን እንዲያጽናና አንድ ማኅበር አቋቋሙ። መንድድ ሃርትስ ይባላል። ዛሬም ሕመምተኞቹ ሌላውን ሕመምተኛ አልጋው ድረስ ሄደው ያጫውቱታል። የሰው ልብ በእጃቸው የነኩ ሐኪም ናቸው አውሩ ያሉት። የኛ ዶክተር በምን ተነሥተው ነው አታውሩ የሚሉን?

ንግግራቸውን እንዲያርሙ እፈልጋለሁ። ያው ቴሌቪዥን ላይ፣ በዚያው ሰዓት። ምክንያቱም ሰው ያምናቸዋል።

እኛ ስድስት ሰዎች ነን። በየጠዋቱ ተመዝነን ኪሏችንን በስልክ እንላላካለን። አንዳችን ከጨመረ የቀሩት ለሐኪም ደውል ይሉታል። ዶክተሩ በተናገሩ ማግስት ከመካከላችን አንዷን እናት ልጆቻቸው ከለከሏቸው፤ ሐኪሙ እንዲህ ብለዋል፣ ይቅርብሽ ብለው። የእሳቸው ኪሎ ካልመጣልን ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው።