ንፍሮው፣ ማሽላውና ጅራታሙ ኮከብ

ባለፈው ሰሞን ለእህቴ ልጅ መጽሐፍ ልገዛ ደሴ ፒያሳ ወጣሁ። ልጅቷ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ጥያቄዋ አያልቅም። «የሳይንስ መጽሐፍ አለ?» ስለው ባለመደብሩ ሳያመነታ ሦስት አጋዥ መጻሕፍት ደረደረልኝ። ማጠቃለያ፣ ጥያቄና መልስ፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች። «እንዲያው ለማንበብ የሚሆን ነው የፈለግሁት» አልኩት። ግራ ገባው። «ለፈተና ካልሆነማ ማን ይገዛዋል?»

ሰውየው ገበያውን ያውቃል፤ አልፈርድበትም። የማልቀበለው «ሕዝባችን ሳይንስ ማንበብ አይወድም» የሚለውን ነው። ያልቀረበለትን ማዕድ እንደማይወድ በምን አወቅን?

እናቴን ላንሳ። ዕድሜዋን የኖረችው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ እኛ ዘንድ ከመጣች ወዲህ አንድ ቅሬታ አላት፤ ደሴ ላይ ሽንብራ እሺ ብሎ አይበስልም። ሽንብራው እኮ ራሷ ከኮምቦልቻ ቋጥራ ያመጣችው ነው። ነገሩ የከፍታ ጉዳይ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ደሴ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃ ብዙም ሳይግል ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ኮምቦልቻ በ94፣ ደሴ በ92 ገደማ ይንተከተካል ማለት ነው። እሳቱን ቢቆሰቁሱት ማገዶ ያልቃል እንጂ ድስቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከዚያ በላይ አይግልም። ይህን ስነግራት እናቴ «እኔስ ብዬ አልነበር!» አለች። ጥፋተኛዋ ደሴ መሆኗ በሳይንስ ስለተረጋገጠላት ደስ አላት።

ፊደል ያልቆጠረች ሴት ስለ አየር ግፊት ሩብ ሰዓት አወራች። ስለ ንፍሮ ባይሆን ኖሮ አንድ ደቂቃም አትታገሠኝም ነበር።

በአማርኛ ያገኘኋቸው ጥቂት የሳይንስ መጻሕፍት አብዛኞቹ ትርጉሞች ናቸው። ምሳሌያቸው በበረዶ ላይ ስለመንሸራተት፣ ስለ ባቡር ጣቢያ፣ አይተነው ስለማናውቀው ጨዋታ ነው፤ አንባቢው ሐሳቡ ጋ ከመድረሱ በፊት ምሳሌው ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። ቃላቱም አሉ። «ብርሃን አስተጻምሮ» ብዬ ጮክ ብዬ ሳነብ እናቴ ጸሎት የጀመርኩ መስሏት ዝም አለች። ቃሉን አልጠላውም፤ ነገር ግን ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንደሚያዘጋጅ አስቀድሞ ተነግሮን ስሙ ቢከተል ምን ነበረበት?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የማሽላው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሲንግና አክስቴል የተባሉ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ 9,000 ያህል የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የሚፈልጉት ላይሲን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል ነበር። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት፤ ማሽላ ውስጥ ደግሞ እጅግ ያንሳል። ከዚያ ሁሉ ዘር በላይሲን ጎልተው የወጡት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱም የኢትዮጵያ፣ ያውም የወሎ ነበሩ። የወሎ ገበሬ እንዲህ ያሉትን ማሽላዎች ያለ ላቦራቶሪ ለይቶ «ወተት በጉንጬ»፣ «ማር ጩቄ» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ምርታቸውም ከሌላው ያንሳል፤ ቢሆንም እሸታቸው ተጠብሶ ስለሚጣፍጥ ዘራቸውን አላጠፋውም። እናቴ «ወተት በጉንጬ» የሚለውን ስም ስትሰማ ልጅነቷ ትዝ አላት፤ ንግግሬንም እዚያው አቋረጠችኝ።

ዓመተ ምሕረቱን ደግሞ ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. 1973 ወሎ በረሃብ ያለቀበት ጊዜ ነው። የማሽላው ዜና ከወሎ እርሻ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝኛ ታተመ፤ ዘሩን ያቆየው ገበሬ ግን እህል አጥቶ ወደ አስፋልቱ ዳር ይሰደድ ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚተርክ የአማርኛ መጽሐፍ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢኖር ያቺ ልጅ ስለ ፕሮቲን በአንድ ምሽት የምትረዳው ከአንድ ወሰነ ትምህርት ይበልጥ ነበር።

ማን ይጻፈው? ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ ፊዚክሱንም ግብርናውንም የሚያስተምሩ ሰዎች አጠገባችን ናቸው። የወረቀት ዋጋ እንደማያስደፍር አውቃለሁ፤ ስለዚህ መቶ ገጽ ይበቃል። አንድ ምክር ብቻ ልጨምር። ረቂቁን ለባልደረባችሁ ከማሳየታችሁ በፊት ቡና ሲፈላ ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከአቦል ጀምሩ፤ በረካ ሳይደርስ እናታችሁ ያንቀላፉበትን ገጽ ቅደዱት።

መነሻ ከጠፋ ከተማዋ ራሷ አለች። በ1875 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደነቁ፤ ከተማ ቆረቆሩና ከደስታቸው የተነሣ ደሴ አሏት ይባላል። ዘመኑ ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1882 የታየው ጅራታም ኮከብ ከፀሐይ ገጽ ግማሽ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ያለፈ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ከፀሐይዋ ጎን፣ በዓይን ይታይ ነበር። ፀሐይን ዞሮ ሲመለስ እምብርቱ ተሰነጣጥቆ ተገኘ።

ለእህቴ ልጅ ይህን የነገርኳት ወደ ጦሳ ተራራ በሚያሳየው በረንዳችን ላይ ተቀምጠን ነው። መቼ እንደሚመለስ ጠየቀችኝ። ስብርባሪዎቹ በየፊናቸው፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ እኛ ሳንኖር አልኳት። ጥቂት አሰበችና መጽሐፉን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው። ከመደብሩ የያዝኩላት አጋዥ መጽሐፍ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አልተገለጠም።