ዲግሪዬን ስጡኝና ሠርቼ ልክፈል

ከተመረቅኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ኦርጅናል ዲግሪዬ ግን ዛሬም በእጄ የለም። «መጀመሪያ የወጪ መጋራቱን ክፈል» ተብያለሁ። በምን ልክፈል? ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ ስፈልግ ነው የምውለው። ቀጣሪው ደግሞ ያንኑ ኦርጅናል አምጣ ይለኛል!

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ሲመረቅ ከደመወዙ በየወሩ ይቆረጣል ተብሎ ነው። ይሄ አይከፋኝም። አገሬ ያወጣችብኝን ብመልስ ደስ ይለኛል። ግን ደመወዝ የሌለው ሰው ከምኑ ይቆረጥ?

እናቴ መንዝ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ መሳፈሪያዬን በግ ሽጣ ነው የሰጠችኝ። ባለፈው ደውላ «የቀሩትንም ሸጬ ወረቀትህን ላስወጣልህ እንዴ?» አለችኝ። አንጀቴ እርር አለ። አራት በግ ናቸው የቀሯት። የምትለብሰው ባና ከነሱ ፀጉር ነው። የማዳበሪያው ብርም የሚወጣው ከነሱ ነው። እሷማ ፊደል እንኳ አልቆጠረችም፤ በምን ዕዳዋ ትክፈል?

ዕዳዬን አልካድኩም፣ ፈርሜያለሁ። መጀመሪያ ግን ሥራ ልያዝ።