ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ ዳር መውጣት ምን ይፈይዳል?

ጥያቄው ይህ ነበር፦ የባሕር ዳር ሰው ለጣና ዳር ጽዳትና ሐይቁን ለወረረው የእምቦጭ አረም ነቀላ በተጠራ ቁጥር መውጣት አለበት ወይስ ትርፉ ድካም ነው? ይውጣ የምትለዋ ከሽምብጥ ሰፈር፣ አይውጣ የሚሉት ከግሽ አባይ ሰፈር ጽፈዋል። የተባባሉት እንዳለ ይኸው።

ከሽምብጥ፦

ይውጣ። ይህ እንዴት እንደሚያከራክር ራሱ አይገባኝም። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ስንት ስብሰባ ተካሄደ፣ ስንት ማሽን መጣ ተባለ። አረሙን ሲጎትት የኖረው ግን የደንቢያና የጎንደር ዙሪያ ገበሬ ነው፣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ። በ2013 ጥቅምት የአንድ ወር ዘመቻ ሲታወጅም ከፊት የነበረው እሱ ነው። እኛ ከተሜዎቹስ? ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ አጨበጨብን፣ ከዚያ ዳሩ ላይ ተቀምጠን አሳችንን በላን፣ ሃይላንዱን ወደ ውሃው ወርውረን ቤታችን ገባን። የተጠየቅነው በወር አንድ ቅዳሜ ነው፤ እሱም ግማሽ ቀን። ሰው ከሰው የሚተዋወቀው፣ የሰፈሩ ችግር በግልጽ የሚወራው እዚያ ነው። ይህችን ታህል ማድረግ ያቃተው ሰው ስለ ጣና የማውራት መብት የለውም።

ከግሽ አባይ፦

መብት የለውም! እሺ። እኔ ቅዳሜ ሱቅ ነኝ። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ የሳምንቱን ወጪ የምሸፍነው ያን ቀን ነው። ስለዚህ እዚሁ ተወልጄ፣ ዋና በተማርኩበት ሐይቅ ጉዳይ አፌን ልዘጋ ማለት ነው። ፈቃድ የምትሰጪው አንቺ ነሽ እህቴ?

ለማንኛውም ያለ ፈቃድ ልናገር። እምቦጭ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ስትጎትቱት ተቆርጦ የቀረው ቁራጭ እንደገና ያቆጠቁጣል። ዳር ላይ የከመራችሁትን ደግሞ ክረምት ውሃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። ምግቡስ ከየት ይመጣል? ወንዞቹ፣ መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል አባይ፣ ከእርሻው አፈርና ማዳበሪያ ጠርገው ያቀርቡለታል፤ የእኛም ከተማ ፍሳሽ አለበት። በአንድ እጅ እያጎረሱ በሌላው እጅ መንቀል ምን ይሉታል? ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1990ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ አረሙን የሚበላ ጢንዚዛ ነው የለቀቁበት። እዚህ የማየው ግን ቲሸርት ነው፣ ንግግር ነው። ከአረሙ ሰው ይበዛል፣ ከሰው ስልክ ይበዛል። በእጅ መንቀል ለፎቶ ነው።

ከሽምብጥ፦

"ለፎቶ ነው" አሉ። እስኪ ይህን ደንቢያ ወርደው ይንገሯቸው። ውሃው ሲመለስ ሽምብራ የሚዘራበት ባህር ሸሽ መሬቱ በእምቦጭ የተሸፈነበት ሰው ጢንዚዛ እስኪመጣለት ቁጭ ይበል? መረቡ በአረም ተተብትቦ ባዶውን የሚመለሰው አሳ አጥማጅስ? እነሱን ማንም ፎቶ አላነሳቸውም። ደግሞ ጢንዚዛውን ጠቀሱልን፣ ቪክቶሪያ ላይ አረሙ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መምጣቱን ግን ዘለሉት። ረስተውት ነው?

እኔ ዕድሜዎን አክብሬ እርስዎ እያልኩ ነው የምጽፈው። ማላገጡን ቢቀንሱት ደስ ይለኛል።

ከግሽ አባይ፦

አላላገጥኩም። ጠየቅሁ፣ አልመለስሽም።

ገበሬው የሚነቅለው መሬቱን ሊያድን ነው፣ እሱን ማን ነካው? እኔ ያልኩት ከዚህ በአውቶቡስ ተጭኖ ሄዶ፣ ምሳ በልቶ፣ ፎቶ ለጥፎ ስለሚመለሰው ነው።

ግን መብት ካልሽ አይቀር ስለ መብት እናውራ። ጣና ላይ ከሁላችን በፊት ድምፅ ሊኖራቸው የሚገባው ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት፣ ለዘመናት ሰው ከእነሱ ጋር ማዕድ አልቆርስም ሲላቸው የኖሩት። ዳሩ ሎጅና መዝናኛ እየሆነ ሲመጣ ወደ ኋላ የተገፉት እነሱ ናቸው። ደንገሉ ሲመነምን ሙያቸውም አብሮ መነመነ፤ ያ ደንገል ደግሞ ፍሳሻችንን የሚያጣራልን ነበር። ለዚህ ዘመቻ ተጠርቶ ያውቃል? ባነር ተሰቅሎ ያውቃል? እንዲያውም አንድ ቅዳሜ ጽዳት ብላችሁ ደንገሉን ከቆሻሻው ጋር አብራችሁ ስታጭዱ በዓይኔ አይቻለሁ። በይ ንገሪኝ፣ እነሱም በወር አንዴ ካልወጡ መብት የላቸውም?

ከሽምብጥ፦

መጀመሪያ በእጅ መንቀል ለፎቶ ነው አሉ። ገበሬው ሲጠቀስብዎ "እሱን ማን ነካው" ሆነ። አሁን ደግሞ ከእምቦጭ ተነስተን ሐይቁ ዳር የማን ነው የሚለው ላይ ደርሰናል። ይሁን፣ እንዲያውም ይኼኛው ይሻላል።

ግን ልጠይቅዎት። እነዚያ ሰዎች ቤት ገብተው ያውቃሉ? እኔ ገብቼ ቡና ጠጥቻለሁ። ክረምት ውሃው ቤታቸው ሲገባ የት እንደሚያድሩ ያየሁት፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ምን እንደሚባሉ የሰማሁት፣ እርስዎ በሚንቁት ቅዳሜ ምክንያት ነው። ማንም ሰው ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ይህን አያውቅም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና። ዳሩን አጥረው መተላለፊያ ሲዘጉብን አቤቱታ ጽፎ ቤት ለቤት ፊርማ ያሰባሰበውም ያ ቲሸርት የለበሰው ልጅ ነው። በእኛ በኩል አንድ ነጋዴ አልፈረመም። "ነገ ግብር ይቆልሉብኛል" ነው መልሱ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ፍርሃትዎን የእምቦጭ ሳይንስ አልብሰው አያቅርቡልን።

ከግሽ አባይ፦

ፈሪ ተባልኩ። ደህና። አንቺ ላይ ግብር ተቆልሎብሽ አያውቅም መሰለኝ። ያልሸጥኩትን ሸጠሃል ተብዬ፣ ደረሰኝ ታቅፌ ከመስኮት መስኮት የተንከራተትኩበትን ጊዜ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ የትኛውም በጎ ፈቃደኛ ከጎኔ አልቆመም። አልጠበቅሁምም። የምትይው ወረቀት እኔ ሱቅ አልደረሰም። ቤት ለቤት ሲባል የእናንተ ሰፈር ቤት ብቻ ነው እንዴ? እዚህም ሰው አለ። ብዙዎቻችን ያ አጥር ያንገበግበናል፤ እኔ በልጅነቴ በነፃ የዋኘሁበትን ቦታ ልጄ ሻይ ካላዘዘ የማያየው ለምንድን ነው?

ስለ ደንገሉ ግን ዝም ብለሽ አልፈሻል። አይቻለሁ።

ከሽምብጥ፦

ታዲያ ያንገበግበኛል የሚል ሰው ምን ይጠብቃል? ወረቀቱ አልደረሰኝም ካሉ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ፣ የሱቁን አቅጣጫ ይንገሩኝ። የፊታችን ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ላይ እንሰበሰባለን። ባነር የለም፣ ቲሸርት የለም፣ ፎቶም የለም። ታንኳ ሠሪዎቹም ይመጣሉ፤ ስለ እነሱ ከሚናገሩ እነሱ ሲናገሩ ይስሙ። ቅዳሜ ገበያ ነው ያሉትም ሐሙስ አይሠራም።

ከግሽ አባይ፦

እመጣለሁ አላልኩም። መጀመሪያ አጀንዳውን ላኪ። ዳሩ ለማን፣ በምን ውል እንደተሰጠ ይጠየቅ የሚለው አንደኛ ተራ ላይ ከሌለበት፣ እምቦጭ እምቦጭ ስትሉ ለማምሸት ሱቄን አልዘጋም። የምዘጋው ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ 12 ላይ ማንም ነጋዴ አታገኚም።