ሰውየው አንድ፣ አስተዳደሩ ሁለት

በየጠዋቱ ከለገጣፎ ወደ ቦሌ የሚሄደው ሰው ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያማርረው በረዳቱ ነው። ኧረ ረዳቱን ተዉት! ታፔላ የሚሰጠውም ታሪፍ የሚያወጣውም ወዲህ የኦሮሚያ ክልል፣ ወዲያ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነው። ተሳፋሪው ግን አንድ ጉዞ ነው ያለው።

እስኪ ደግሞ የዚህን ሰው ግብር እንከተለው። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነ ከደመወዙ የሚቆረጠው የሥራ ግብር መሥሪያ ቤቱ ላለበት ለአዲስ አበባ ይገባል። የልጁ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያው፣ ደጃፉ ላይ ያለው ኮብልስቶን ግን ለገጣፎን የሚያስተዳድረው፣ በኦሮሚያ ሥር ያለው የሸገር ከተማ ወጪ ነው። አየር ጤና እያደረ ሰበታ ፋብሪካ የሚሠራው ደግሞ ተገላቢጦሽ። ታዲያ ነዋሪ የሞላበት፣ መሥሪያ ቤት ያነሰበት ማዘጋጃ ምን ይሽጥ? መሬት ነዋ! ገበሬው ካሳ ተቀብሎ ይነሳል፣ የሊዝ ቅድመ ክፍያ ይገባል፣ ቀሪው ለዓመታት ተከፋፍሎ ጠብ ጠብ ይላል። ቤቱ ቀድሞ ያልቃል፣ ቦዩ ሳይቆፈር ክረምት ይገባል። መንደር በመንደር ላይ የሚጨመረው፣ ሥራ ግን የማይከተለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሄ ዛሬ የመጣ ችግር አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ይደነግግና ዝርዝሩን ለሕግ ይተወዋል። ረቂቁ ፓርላማ የደረሰው በ2009 ነው፤ ያኔም ሳይጸድቅ ቀረ። ከተማዋ የለገዳዲን፣ የድሬንና የገፈርሳን ውሃ ትጠጣለች፣ ሦስቱም ያሉት ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ቆሻሻዋንም በ2008 ሰንዳፋ መድፋት ጀመረች። ገበሬዎቹ ተቃወሙ፣ ቦታው በወራት ውስጥ ተዘጋ፣ መኪኖቹ ወደ ነባሩ የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ፣ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተደረመሰ፤ ከ110 በላይ ሰው አለቀ። ይህን ስናስታውስ አሁንም ያንገበግበናል!

ነሐሴ 2014 ላይ የከተማዋና የክልሉ ወሰን ስምምነት ተደረገ፤ ጥሩ ነው፣ መደረግ ነበረበት። ወሰን ግን አውቶቡስ አያመጣም። ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከገላንና ከለገጣፎ ለሚገቡት መስመሮች አንድ ታፔላና አንድ ታሪፍ የሚያወጣ፣ ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ ቢሮ ይቋቋም። የሥራ ግብሩም በሥራ ቦታና በመኖሪያ ይካፈል። አሠሪው በየወሩ ለገቢዎች በሚያስገባው የደመወዝ ዝርዝር ላይ የሠራተኛው ስምና የግብር ከፋይ ቁጥሩ አለ፤ የመኖሪያ ክፍለ ከተማው የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ይጨመርበት።