የሳምፕራስ ብድር

አጎቴ የቴኒስ ተጫዋቹን ፒት ሳምፕራስን «የሰፈራችን ልጅ» ነው የሚለው። ሰፈራችን ሲል ሲልቨር ስፕሪንግ ማለቱ ነው። ሳምፕራስ በ1971 (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ያዙልኝ) ዋሽንግተን ዲሲ ተወልዶ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ፖቶማክ በሚባለው የባለጸጎች መንደር ጥቂት ዓመት ካደገ በኋላ፣ በሰባት ዓመቱ ወላጆቹ ወደ ካሊፎርኒያ ይዘውት ሄደዋል። ፖቶማክና ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢራራቁ ነው፤ በኑሮ ግን ሁለት ትውልድ ያህል ይራራቃሉ። አጎቴ በታክሲ ሾፌርነቱ ዘመን ፖቶማክ ድረስ ሰው ማድረሱን እንደ ሥጋ ዝምድና ስለሚቆጥረው፣ «የልጁን አባት ሳልጭነው አልቀርም» ይላል። እርሱ ራሱ አሜሪካ የገባው የሳምፕራስ ቤተሰብ ሜሪላንድን ከለቀቀ ከአሥር ዓመት በኋላ መሆኑን በፊቱ ደፍሮ የሚያነሣ ዘመድ እስካሁን አልተገኘም።

እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ በአጎቴ ቤት ቤዝመንት ያረፍኩት በ2001 ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ 2 ቀን ጠዋት፣ ሥራ ከመውጣቱ በፊት፣ ቴሌቪዥኑ ፊት አብረን ተቀመጥን። ለንደን በሣር ሜዳ ላይ የሚካሄደው የዊምብልደን ውድድር አራተኛ ዙር ነው። በአንድ በኩል ዋንጫውን ሰባት ጊዜ የወሰደውና በዚያ ሣር ላይ 31 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈው ሳምፕራስ ቆሟል፤ በሌላው በኩል ጸጉሩን ከኋላ ያሰረ፣ አጎቴ ስሙን «ፌዴራል» እያለ የሚጠራው የ19 ዓመት የስዊዘርላንድ ልጅ፣ ሮጀር ፌደረር፣ አለ። ያ ልጅ ለምን እንደማረከኝ ዛሬ ብጠየቅ ስለ ባክሃንዱ ውበት አንድ ሰዓት ላወራ እችላለሁ። በዚያ ጠዋት ግን የነበረኝ ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እኔም እርሱም የ1981 ልጆች ነን። በሰው አገር ቤዝመንት ውስጥ ለሚተኛና ወረቀቱ ላላለቀለት ወጣት፣ እኩያው ንጉሥ ሲጥል ከማየት የበለጠ ምን ደስታ አለ?

አምስተኛው ሴት (የቴኒስ ጨዋታ የሚከፈልበት ክፍል በእንግሊዝኛው እንዲህ ይባላል) 7 ለ 5 ሲያልቅ ከሶፋው ላይ ዘልዬ ጮህኩ። አጎቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ ቁልፉን አነሣ፣ ወጣ። ለሦስት ቀን በመካከላችን የነበረው ንግግር «በሩን ዝጋው» ከሚለው አላለፈም። በአራተኛው ቀን እራት ላይ እንጀራውን እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል፣ «ያንተም ይመጣል» አለኝ። ምን እንደሚመጣ አልጠየቅሁትም። ያን ሰሞን «አበቃለት» ተብሎ የተለቀሰለት ሳምፕራስ፣ ልብ በሉልኝ፣ ገና 29 ዓመቱ ነበር።

አጎቴ ለሽንፈቱ የሰጠው ማብራሪያ «ሣሩን ቀየሩበት» የሚል ነበር። ዳኛ ተገዝቶ ነው፣ መተት ተደርጎበት ነው ከሚሉት ወገን ደምሬው ስስቅበት ኖርኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሳነብ ለካስ ሣሩ እውነትም ተቀይሯል። ዊምብልደን ሁለት ዓይነት ሣር ቀላቅሎ መዝራቱን ትቶ ሜዳውን በአንድ ዝርያ ብቻ የሸፈነው በዚያው በ2001 ነው። ይህ የተደረገው ሣሩ መረገጥን እንዲችል እንጂ የአጎቴን ሰው ለመጣል አልነበረም፤ ያን ዕለትም ሁለቱ ተጫዋቾች የረገጡት ያንኑ አንድ ሣር ነው። ቢሆንም እውነት እውነት ነውና ደውዬ ነገርኩት። «ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ስነግርህ!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

በዓመቱ ነገሩ ባሰ። በ2002 ዊምብልደን ሁለተኛ ዙር ላይ ሳምፕራስን የጣለው ጆርጅ ባስትል የሚባል የዓለም 145ኛ ሰው ነው፤ ያውም በማጣሪያው ተሸንፎ ከቀረ በኋላ ቦታ ስለተገኘለት የገባ። በየዕረፍቱ ሳምፕራስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሚስቱ የጻፈችለትን ደብዳቤ ሲያነብ ታየ። ያን ጊዜ ነው «ክብሩን ጠብቆ ይውጣ» የሚለው ዜማ ከየአቅጣጫው የተነሣው፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ከሚያዜሙት አንዱ ነበርኩ። ሁለት ወር አለፈና ኒው ዮርክ ላይ ግሬግ ሩሴድስኪ በሳምፕራስ ተሸንፎ ሲወጣ፣ ሰውዬው አንድ እርምጃ ተኩል ዘግይቷል ብሎ ተናገረ። ይኸው አንድ እርምጃ ተኩል የዘገየ ሰው በፍጻሜው አንድሬ አጋሲን አሸንፎ 14ኛውን ግራንድ ስላም (ከቴኒስ አራት ታላላቅ ውድድሮች የአንዱን ዋንጫ) ወሰደ፤ ከዚያ በኋላም ወደ ውድድር አልተመለሰም። አጎቴ ይህን ሲተርክ፣ ሳምፕራስ ወጡ ሳያልቅ አመስግኖ ከድግስ የተነሣ ጨዋ እንግዳ ይመስላል።

ያ ዜማ ግን ከሳምፕራስ ጋር ጡረታ አልወጣም። በ2025 ኖቫክ ጆኮቪች በአራቱም ግራንድ ስላሞች ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ አራቱንም ጊዜ እዚያው ቀረ። ሜይ ላይ 38 ዓመት የሞላው፣ 24 ግራንድ ስላም የወሰደ ሰው፣ በየውድድሩ ከሚገቡት 128 ተጫዋቾች መካከል ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ ነበር ማለት ነው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምንጠጣ ሰዎች ግን ከልባችን አዘንንለት። እኛ ማለት እነማን ነን? አንደኛችን በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ በርዝመቱ አንደኛ የሆነውን የዊተን ሜትሮ ጣቢያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ቆሞ እየወጣ እንኳ ያለከልካል። ሁለተኛችን ሐኪም ጨው ከልክሎት ጨው በኪሱ ይዞ ይዞራል። ከሁላችን አብልጦ ያዘነው ደግሞ የዕድራችን ሊቀመንበር ነው። «ሰው ጊዜው ሲያልፍ አውቆ ለወጣቱ መልቀቅ አለበት፤ ሥልጣኔ ማለት ይኸ ነው» እያለ አስረዳን። ይህን የተናገረው ለ19ኛ ዓመት ሊቀመንበርነቱን ያጸደቅንለት ጉባኤ በዋለ በሳምንቱ ነው፤ ያጸደቅንለትም እኛው ነን፣ ምክንያቱም ማኅተሙ የት እንደሚቀመጥ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

የዚህ ሐዘኔታ ድንቅ ነገር በምንም ውጤት የማይሸነፍ መሆኑ ነው። ሻምፒዮኑ ከተሸነፈ «አላልኩም? ቀድሞ መውጣት ነበረበት» ይባላል። ካሸነፈ ደግሞ «አሁን ነው መውጣት፤ ከዚህ ያማረ መውጫ አያገኝም» ይባላል። ጉዳዩ የራስ ሰው ሲሆን ግን መዝገበ ቃላቱ ይገለበጣል። እርጅና የነበረው ልምድ ይሆናል፤ ሰበብ የነበረውም ጉዳት ይባላል። በጉዳት ነገር የስፔኑን የራፋኤል ናዳልን ወገኖች የሚያህል የለም። የግራ እግሩን አጥንት ሕመም እንደ ቤተሰብ ሕመም ያውቁታል፤ አንዱ ወዳጄ የራሱን የደም ግፊት ቁጥር ሳያውቅ የናዳልን ጉልበት ታሪክ ከነዓመተ ምሕረቱ ይዘረዝራል። ናዳል 14 ጊዜ በነገሠበት በፓሪሱ ውድድር በሮላን ጋሮስ በ2024 ገና በመጀመሪያው ዙር በአሌክሳንደር ዝቬሬቭ ተሸንፎ ተሰናበተ፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ከብረት የተሠራ የራሱ ሐውልት ፎርሃንድ እየመታ ቆሟል። በሕይወት ላለ ሰው ሐውልት ማቆም ጣጣው ይኸ ነው፤ ሐውልቱ አያረጅም።

ከዚህ ሁሉ ፍርድ ያመለጠች አንዲት ሴት ብቻ አውቃለሁ። ጁላይ 2025 ላይ ቬነስ ዊሊያምስ፣ ከአጎቴ ቤት ብዙም በማይርቀው በሮክ ክሪክ ፓርክ ሜዳ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ጠፍታ ተመለሰችና በ45 ዓመቷ የ23 ዓመቷን ፔይተን ስተርንስን አሸነፈች። ለምን እንደተመለሰች ሜዳው ላይ ሲጠይቋት፣ የጤና ኢንሹራንስ ስለሚያስፈልጋት መሆኑን እየሳቀች ተናገረች። ያን ቅዳሜ ከጠረጴዛችን አንድም ሰው «ክብሯን ጠብቃ ትውጣ» አላለም። አብዛኞቻችን በሥራ ላይ ያለነው በዚያው ምክንያት ነው። የዕድሩ ሊቀመንበር እንኳ ስኒውን አስቀምጦ «እሷ የኛው ናት» አለ።

ወደ ራሴ ልመለስ፤ ያንተም ይመጣል የተባልኩት ሰውዬ እኔ ነኝና። የመጣው በ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ ነው። ፌደረር 38 ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፤ አምስተኛው ሴት 8 ለ 7፣ ጌሙ 40 ለ 15፣ ሰርቩ የራሱ ነው። አንድ ነጥብ ቢያገኝ ዋንጫው የእርሱ ነው፤ ሁለት ዕድል ነበረው፣ ሁለቱንም ጆኮቪች ወሰደበት፣ ቀጥሎም ጨዋታውን። አራት ሰዓት ከ57 ደቂቃ ፈጅቷል። እነዚያን ቁጥሮች በፌደረር ሰው ፊት ማንሣት ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ የሟችን ዕዳ እንደመጠየቅ ነው። ያን ማታ እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ድምፄ ሲከብዳት ምን ሆነህ ነው አለችኝ። «ፌደረር በአምስተኛው ሴት ተሸነፈ» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «አራቱ ያልበቁት ሰው ምን ይደረግለት ታዲያ» አለች። ቋንቋችን ለዚህ የቴኒስ ቃል ሌላ ስም እስኪያወጣለት ድረስ ይህን ጉዳይ ከእናቶች ጋር አለመወያየት ይመረጣል።

በ2021 በዚያው ሜዳ ሁበርት ሁርካች የመጨረሻውን ሴት 6 ለ 0 አድርጎ ሸኘው። ሴፕቴምበር 2022 ላይ ለንደን ውስጥ ስንብቱን ለማድረግ ከናዳል ጋር ተጣምሮ ገባ፤ እዚህ እኛ ዘንድ ዓርብ ማታ ነው። ተሸነፉ። ፌደረር አለቀሰ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ናዳልም አለቀሰ፣ እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ ሶፋዬ ላይ የድርሻዬን አለቀስኩ። ስልኩ ጠራ። አጎቴ ነው። ልቅሶ ቤት ብቻ የሚያወጣውን ድምፅ ይዞ፣ «ልጄ፣ ሰማሁ እኮ። እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። አሜን አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል? «ለመሆኑ ማን ነው የቀበረው?» አለኝ። ጃክ ሶክና ፍራንሲስ ቲያፎ አልኩት። ቲያፎ ከዚህ አሥራ አምስት ደቂቃ የማያስኬድ ሃያትስቪል ተወልዶ፣ ከሴራሊዮን የመጣ አባቱ በጥገና ሠራተኛነት ተቀጥሮ በነበረበት በኮሌጅ ፓርክ የቴኒስ ማዕከል ያደገ ልጅ ነው። «አውቃለሁ» አለ አጎቴ፣ «የሰፈራችን ልጅ።» ሃያ አንድ ዓመት ጠብቆ ነው ይህችን ቃል ያገኛት።

አሁን ዘመኑ የካርሎስ አልካራዝና የያኒክ ሲነር ነው፤ የ2024ንና የ2025ን ስምንት ግራንድ ስላሞች ለሁለት አራት አራት ተካፍለዋቸዋል። የ17 ዓመት ልጄ የአልካራዝ ነው፤ ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ይላል። ፌደረርን አያውቀውም ማለት ግፍ ይሆናል። «አባዬ፣ እሱ የሰዓት ማስታወቂያ ላይ ያለው ሰውዬ አይደል?» ብሎኛል። እኔም ለልጄ፣ የዛሬዎቹ ኳስ ከመደብደብ በቀር ጨዋታ እንደማያውቁ፣ የሚጫወተው ራኬቱ እንጂ ልጁ እንዳልሆነ፣ በኛ ጊዜ እያልኩ አስረዳዋለሁ። ተረኛ አድርገን «ሕፃኑ ፌደረር» የሚል ስም ያወጣንለት ግሪጎር ዲሚትሮቭ በ2025 34 ዓመት ሞላው፤ ሕፃንነቱን ግን እኛ እስካሁን አላነሣንበትም። ሣሩን ብቻ ነው እስካሁን ያልወነጀልኩት።

በ2025 የሮላን ጋሮስ ፍጻሜ ቀን ልጄ ምንጣፉ ላይ፣ እኔ ሶፋው ላይ ነበርን። ሲነር ለዋንጫው ሦስት ነጥብ አግኝቶ ሦስቱንም አልካራዝ አዳናቸው። ጨዋታው አምስት ሰዓት ከ29 ደቂቃ ሄደ። ሲጀመር ዝናብ እንዲዘንብ ስመኝ የነበርኩት ሰውዬ አምስተኛው ሰዓት ላይ ቆሜ ተገኘሁ። ልጄ ዞር ብሎ አየኝ። ውኃ ልጠጣ ነው የተነሣሁት አልኩት፤ ብርጭቆው ግን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አልካራዝ ሲያሸንፍ ልጄ ዘልሎ ጮኸ፤ እኔ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ለምን እንዳጠፋሁት እጄ ነው የሚያውቀው።

አልካራዝ የተወለደው ሜይ 5 ቀን 2003 ነው፤ ስለዚህ 38 የሚሞላው በ2041 ይሆናል። ያኔ እኔ 60፣ ልጄ 33 እንሆናለን። ቀኑን ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ። ባለፈው እሑድ አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ይህን ሳጫውተው ደስታው ልክ አጣ፤ ወዲያው ግን እንደ ባለሙያ ረጋ ብሎ ያስጠናኝ ጀመር። «ጨዋታው እንዳለቀ እንዳትደውል፤ ግማሽ ሰዓት ስጠው፣ ብቻውን ያልቅስ። ድምፅህን ዝቅ አድርግ። መጀመሪያ የልጆቹን ጤንነት ጠይቅ። ያጽናህ ካልክ በኋላ ዝም በል፤ ራሱ ያወራል።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «ደግሞ እንዳትስቅ። እኔ ያን ለት የሳቅሁት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።»