ታፈሳለች!

የሚያፈስ መኪና ያለው ሰው ብቸኝነት አያውቅም። "አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ለሰው ጊዜ የለውም" የሚሉ ሁሉ የእኔን ኮሮላ ነድተው አያውቁም። መብራት ላይ ስቆም የታክሲ ረዳት ግማሽ ወገቡን በመስኮት አውጥቶ "ፋዘር፣ ዘይት ታፈሳለች!" ይለኛል። አመስግኜው ሳልጨርስ ከወዲያ በኩል ሞተረኛው የሄልሜቱን መስታወት ገልጦ ያንኑ ይደግመዋል። የፓርኪንግ ልጅማ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ጎንበስ ብሎ ሥሯን ያያል። "ጋሼ፣ ያውቃሉ አይደል?" አውቃለሁ። ባላውቅ ኖሮ በየሄድኩበት የዘይት ጀሪካን ተሸክሜ ባልዞርኩ።

ነገሩ በመንገር ቢያበቃ ምን ነበረበት። የእኛ ሰው ግን ችግርህን ነግሮህ መድኃኒቱን ሳያዝልህ አይሄድም። አንዱ "ወፍራም ዘይት አድርግባት" ይላል። 20/50 የሚሉትን ማለቱ ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ወፍራም ዘይት በቀጭን ክፍተት ቶሎ አይወጣም። ጠዋት በብርድ ሲነሳ ግን እስኪፈስ ድረስ ሞተሩ በደረቁ ይንገጫገጫል። ሌላው "ቀዩን ሲሊኮን ለጥፍበት" ይላል። ሲሊኮን ለእኛ የማይገባበት ቤት የለም፤ ለመታጠቢያ ገንዳም፣ ለመስኮትም፣ ለሞተርም። ሲበዛ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ተላቅቆ የዘይት ፖምፓው ወንፊት ላይ ሄዶ እንደሚቀመጥ፣ ያን ጊዜ ሞተሩ ዘይት እያለው ዘይት አጥቶ እንደሚነክስ የሚነግርህ ግን የለም።

ሦስተኛው ወገን በጣም አጭር ነው። "ሽጣት።"

እሺ፣ ሸጬ ምን ልግዛ? መኪናዋ ዲኤክስ የምንላት የድሮዋ ኮሮላ ናት። ጎልማሳ ናት ብል ይቀላል፤ ልደቷን ብናከብር ሻማው ከኬኩ ይበልጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ያረጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። አገር ውስጥ የቀረው አሮጌ ብረት በአንድ ሌሊት ርስት ሆነ። ሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል። እኛ ጋ ዲኤክስ እያፈሰሰ ዋጋው ይጨምራል። ደላላው እንኳ ኩሬውን እያየ "ሞተሯ አልተነካም!" ይልሃል።

መካኒኬ ጋ የሄድኩት የመካሪው ብዛት ሲያስመርረኝ ነው። ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ገባ። ከገባበት የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። እግሩ ግን ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። ወዲያው ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈረደ።

"ጋሼ፣ የኋላው ጎማ ነው። ካምቢዮ ይወርዳል።"

የኋላው ጎማ የሚለው ሞተሩ ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ቤቱ፣ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ዘይት እንዳይወጣ የምትይዘዋን ቀለበት ነው። መዳፍ ላይ የምታርፍ ነገር ናት፤ ዋጋዋም እንደ መጠኗ ነው። እሷ ጋ ለመድረስ ግን ካምቢዮው መውረድ፣ ፍሪሲዮኑ መፈታት አለበት። ፍሪሲዮኑ ከተፈታ አይቀር ደግሞ "አብሮ ይቀየር" ይባላል። እሱ ከተቀየረ ሌላም አለ።

"ሳይወርድ በደንብ ማየት አይቻልም?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ሳይፈታ በምን ይታወቃል?"

የጋራዦቻችን ፍልስፍና እዚህች ጋ ናት። ሳይፈታ የሚታወቅ ነገር የለም። ስትገጠም ደግሞ የተረፉ ብሎኖች በፌስታል ታስረው ይሰጡሃል፤ "ትርፍ ናቸው" ተብለህ። ጃፓኖቹ ለምን ትርፍ ብሎን እያሰሩ እንደላኩልን እስካሁን አልገባኝም።

ቀለበቷን ልግዛ ብዬ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። እዚያ እንዲያውም መኪና በሙሉ ብታስገባ በቁራጭ ይወጣል፤ በቁራጭ ብታስገባ በሙሉ ይወጣል። ጠዋት የተሰረቀብህን ስፖኪዮ ከሰዓት መልሰህ ትገዛለህ፤ ቅናሽም ይደረግልሃል። ባለሱቁ "ኦሪጅናል ነው ወይስ የሚሠራ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱ እንደማይገናኙ ያኔ ነው ያወቅኩት። ሳልገዛ ተመለስኩ። ካምቢዮ የማውረጃው ሒሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ስለነበረ ዘይት እየጨመሩ መንዳት ይሻላል አልኩ። በየጠዋቱ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዝዞ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ነክሮ ማየት ነው። ሜዳ ላይ ትቆም፣ ሞተሯም ትንሽ ትረፍ እንጂ ዘንጉ አይዋሽም። አብዛኛው መኪና ላይ ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው አንድ ሊትር ያህል ነው። ደመወዜ ከታችኛው ምልክት ቢወርድም የእሷ እንዳይወርድ እጠብቃለሁ።

የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ግን አልታገሰም። ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ማኅተም ያለው። "ግለሰቡ የጋራ መጠቀሚያ የሆነውን ኮብልስቶን በተቃጠለ ዘይት እየበከሉ ስለሆነ" ይላል። ጸሐፊው ደብዳቤውን ይዘው ሲመጡ ከአራተኛ ፎቅ በሚወርደው የፍሳሽ ቱቦ ሥር ቆመው፣ ጠብታው ትከሻቸው ላይ እያረፈ ነበር። ያ ቱቦ ሲያፈስ ዓመታት አለፉ፤ ደብዳቤ የጻፈለት የለም። ምናልባት አድራሻው ስለማይታወቅ ይሆናል። ታች ቡና የሚያፈሉት ጎረቤቴ ደግሞ ሌላ ቅሬታ አላቸው። "እኛ ለወጥ የምንጨምረው ዘይት አጥተን እሱ መሬት ያጠጣል" ይላሉ።

ቦሎ ሲደርስ የማያፈስ መኪና የለም ብትሉኝ አላምንም፤ ቦሎ ሲደርስ የሚያፈስ መኪና የለም። ሁሉም በዋዜማው ላቫጆ ገብቶ ሞተሩን በናፍጣ አሳጥቦ ነው የሚቀርበው። መርማሪው ሥሯን ያያል፤ ታብረቀርቃለች። ዘይቱ ወደ ውጭ ለመምጣት ጥቂት ኪሎ ሜትር ያስፈልገዋል፤ ምርመራው ደግሞ ያን ያህል አይሄድም። ለዓመት የሚሆን ንጽሕና በአንድ ጠዋት ይመዘገባል።

ሌላው ጎረቤቴ በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ያኔ ነው ሐዘኔታ ምን እንደሚመስል ያየሁት። ኮፈኔን ከፍቼ ሳጎነብስ ባየ ቁጥር ይቆምና "እኔ እኮ ዘይት የሚባል ነገር ረሳሁ" ይለኛል። የእሱም ማርሽ ቤት ውስጥ ትንሽ ዘይት እንዳለች አልነገርኩትም። ራሷ ጊዜዋን ጠብቃ ትንገረው።

የእህቴ ልጅ ሽምግልና ሲደርስም በዚሁ ጎረቤቴ መኪና ልንሄድ ነበር የተነጋገርነው። የልጅቷ ቤተሰቦች ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ሽማግሌ በሚያፈስ መኪና አይላክም ተባለ። ተገቢ ነው። ሌሊቱን ግን መብራት ጠፍቶ አደረ። ጠዋት ጎረቤቴ ስልኩን እያየ "ቻርጇ አያደርሰንም" አለ። እኔም ሐዘኔታ እንደምችል አሳየሁት። ዲኤክሷ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። የነፍስ አባታችንን ከፊት፣ የእድራችንን ዳኛና የልጁን አጎት ከኋላ፣ ዘይቱን ከሻንጣ አድርገን 130 ኪሎ ሜትሩን ተያያዝነው።

የልጅቷ አባት ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። በአሰብ መስመር ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው። ግቢያቸው ገና ሊሾ ተደርጎ ፊት ያሳያል። መኪናዋን የት እንደማቆም ስፈልግ ራሳቸው በእጃቸው እየመሩ መሐል ላይ አስገቡኝ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። የነፍስ አባታችን ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ስለ አብርሃም፣ ስለ ሣራ፣ ስለ ይስሐቅ ተናገሩ። አባትየው አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። ዓይናቸው ግን ከቄሱ ትከሻ አልፎ በበሩ ወደ ግቢው ሄዷል። ቄሱ ርብቃ ጋ ሲደርሱ "ይቅርታ አባ፣ አንድ አፍታ" ብለው ወጡ። እኛም ተከትለን ወጣን።

ጋቢያቸውን አውልቀው ለባለቤታቸው ሰጡ። ማዳበሪያ አስመጥተው ተኙበትና ሥሯን አዩ። ጠብታዋን በጣታቸው ነክተው አሹ፤ አሸተቱ። እዚያ ግን አልቆዩም። ተነስተው ኮፈኑን አስከፈቱኝ፤ የስልክ መብራት እያበራሁላቸው እጃቸውን በሞተሩ ጀርባ ሰደዱ። እስከ ክርናቸው ጠቁሮ ወጣ።

"አንተ ልጅ፣ ካምቢዮ ይወርዳል ብለውሃል?"

በሃምሳዎቹ ያለሁ ሰው ነኝ። "አዎ፣ ጋሼ" አልኩ።

"እንዳታስነካ! ከላይ ነው የሚመጣው። የዚህ የሞተር ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ በሙቀት ደርቋል። ዘይቱ በጀርባ ወርዶ ካምቢዮው ጋ ሲደርስ ነው የሚንጠባጠበው። ከታች ያየ ሁሉ የኋላው ጎማ ነው ይላል። የትንፋሿም ጎማ ተደፍኗል፤ የውስጡ አየር መውጫ ሲያጣ ነው ዘይቱን የሚገፋው። መጀመሪያ አሳጥባት፣ ትንሽ ንዳት፣ ከዚያ ከላይ ጀምረህ እይ።"

ሽማግሌዎቹ ሊሾው ላይ የተኛውን ጥቁር ኩሬ በነጠላቸው ጫፍ እንዳይነኩ ሰብሰብ ብለው ቆመዋል። የእድሩ ዳኛ "የእኛስ ነገር?" የሚል ዓይን ወረወሩ። አባትየው እጃቸውን በኦሞ ታጥበው፣ ጋቢያቸውን መልሰው ደርበው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው በርቷል።

"ስለ ልጅቷ" አሉ፣ "እንደ ወጉ ዘመድ እናማክርና ቀን እንቆርጣለን። ስለ መኪናዋ ግን ማንንም አላማክርም፤ ክዳኗ ተሠርቶ ትምጣ።"