ቁልቁለቱን ማን ይቅደም?

በካናዳ ተራሮች በስኖሞቢል (በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር) ተጠግተው ቀሪውን በእግር የሚወጡ የበረዶ ተንሸራታቾች፣ በሄሊኮፕተር ጫፉ ላይ ከሚወርዱት ጋር አንድ ሸንተረር ይጋራሉ የሚለውን ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እኛ ጋ ያለው ውርጭ ነው፤ ጉዳዩ ግን አዲስ አልሆነብኝም።

ጸሐፊው ስለ ሞተር ጩኸት ብዙ አለ። ለእኔ ትልቁ ነገር የበረዶ ናዳው ነው። ስኪው (የመንሸራተቻው ጣውላ) ሥር ወደ ኋላ የማያንሸራትት ጨርቅ ለጥፎ ለሰዓታት የሚወጣ ሰው ከታች አለ። ከላይ የመጣው ቡድን በረዶውን ከናደው የሚቀበረው ያ ምስኪን ነው! አካፋውም ጠቋሚ መሣሪያውም የተቀበረውን ለማውጣት እንጂ ናዳውን ለማስቀረት አይደለም። ስለዚህ ማን የት እንዳለ በሬዲዮ ሳይነጋገሩ መውረድ የለም።

ጸሐፊው ሄሊኮፕተሩ ጭራሽ ይከልከል ማለቱ ግን አልተዋጠልኝም። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የኖረ ሥራ ነው። ይልቅ መንዝ ጓሳን ይዩ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን ሁሉም ይፈልገዋል። በጥንቱ የቄሮ ሥርዓት (ነዋሪው የጋራ መሬቱን ያስተዳድርበት በነበረው ደንብ) ግን ቦታው ለዓመታት ይዘጋና ሲፈቀድ ብቻ ይታጨድ ነበር። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እስከ ዛሬ እዚያው አሉ። ታዲያ ሸለቆዎቹን በተራ መከፋፈል ምን ይከብዳል? ቅዳሜና እሁድ ለእግረኛ፣ ሌላው ቀን ለሄሊኮፕተር። (ብዙ ብር የከፈለው ደንበኛ ቅር ይለው ይሆናል፤ ይበለው!)